ፊደሏን አላልቼ፣ ብሎኗን አጥብቄ

እኔ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ የሚጠፋብኝ ሴት ነኝ። ገበያ ላይ ሻጯ ያልጠየቅኋትን ዕቃ ብትሰጠኝ እንኳ ተቀብዬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ እንጂ «ይሄን አይደለም ያልኩሽ» አልልም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በአንድ ዓርብ ቀን የሆነውን ስታነቡ «ምነው ቶሎ አልተናገረችም?» ማለታችሁ ስለማይቀር ነው። እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ደርግ ከመውደቁ ጥቂት ዓመታት በፊት። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ አልተማርኩም። በንባብ ግን ከማንም አላንስም ነበር። አባቴ መሪጌታ ስለሆኑ ያስተማሩኝ በአምስት ዓመቴ ነው። እሳቸው ዘንድ ማንበብ ማለት ፊደል መለየት ብቻ አይደለም፤ የትኛዋ ፊደል ጠብቃ፣ የትኛዋ ላልታ እንደምትነበብ ማወቅ ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ጽሕፈቱ አንድ፣ ነገሩ ሁለት። ስሳሳት አይቆጡም፤ ዝም ብለው በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን ይመቱና እንደገና እስካነበው ይጠብቁኛል።

በሴቶች ማኅበር በኩል አንድ የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ዘይት የጠጣ ብረት በናፍታ አጥባለሁ፣ እወለውላለሁ፣ በተርታ እደረድራለሁ። የመደቡኝ ከአያ ታከለ ጋር ነበር። አያ ታከለ ሙያውን በልጅነታቸው ከጣሊያኖች ጋራዥ የለመዱ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ንግግር አይወዱም። እኔም ስለማልናገር ሁለት ዓመት ሙሉ ተስማምተን ሠራን። ጥያቄ ጠይቄያቸው አላውቅም። አይቼ እይዛለሁ፣ ያልገባኝን ደግሞ ዝም ብዬ አልፋለሁ።

በዚያ ሰሞን የያዝነው ሥራ የአንዲት አሮጌ ፒክአፕ ፍሬን ነበር። ከአብዮቱ በፊት የአንድ ባለ ርስት የነበረች፣ አፍንጫዋ ክብ፣ በሮቿ እንደ ቤተ ክርስቲያን በር የሚከብዱ ማኪና ናት። ሾፌሯ አያ ደሴ «አሮጊቷ» ነበር የሚላት። የፍሬን ሸራው የሚያርፍበት የኋላው ታምቡር ተሰነጠቀና መለዋወጫ ጠፋ። አያ ታከለ ከግቢው ጀርባ ከወደቀች የተጋጨች ትንሽ አውቶሞቢል የኋላ ዲስኮቿን ፈትተው አመጡ። ዲስክ ማለት ሸራው ከግራና ከቀኝ ቆንጥጦ የሚያቆመው ጠፍጣፋ ብረት ነው። ከዲስኮቹ ጋር አንዲት የጣት ቁመት ያላት ብሎን ያለችበት ዕቃ አመጡና ወደ ኋላ በሚሄደው የዘይት ቱቦ ላይ ገጠሟት። ያቺ ብሎን ስትጠብቅ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ኃይል ይበዛል፣ ስትላላ ያንሳል።

ዲስኮቹን መግጠም አንድ ቀን ፈጀ። ከፊቱ ጋር ማመጣጠን ግን ሦስት ቀን ወሰደ። እኔ ጋቢና ገብቼ ፍሬኑን እረግጣለሁ፣ እሳቸው ከሥር ሆነው «ርገጪ»፣ «ልቀቂ» ይላሉ። ረቡዕ ዕለት ራሳቸው ነድተው በጠጠሩ መንገድ ላይ ፍሬን ሲይዙ ማኪናዋ ጭራዋን ወረወረች። ወርደው ብሎኗን አላሉ። እንደገና ነዱ፣ እንደገና አላሉ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ዓርብ ጠዋት ስገባ አያ ታከለ የሉም። በመሪው ላይ የሲጋራ ፓኮ ካርቶን ተሰክቶ አገኘሁ። በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦

«አንጓች፣ እኅቴ ኮላ ድባ አርፋለች፤ ሄጃለሁ። ዘይቱ ይሞላ። የጎማው ዳዶዎች ይታሰሩ። ደሴ ሲመጣ ነድቶ ይሞክር፤ አንቺ እይ። ፊቱ የሚይዝ፣ የኋላው የሚጠብቅ ይሁን።»

ዘይቱን ሞላሁ። ጎማውን የሚይዙትን ዳዶዎች አሰርኩ። የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኳት። የኋላው የሚጠብቅ ይሁን። ብ-ን አላልቼ ነው ያነበብኩት፤ ጠበቅ ያለ ይሁን እንደ ማለት። ከትናንት ወዲያ ሲያላሉት የዋሉትን ዛሬ ምነው አጥብቂው ይሉኛል? ብዬ አሰብኩ። ግን እኔ ማን ነኝ? እሳቸው ያውቃሉ አልኩና ካቻቢቴ ይዤ ከሥር ገባሁ። አንድ ዙር አጠበቅሁ። ግማሽ ጨመርኩ። አልዞርም ስትለኝ ተውኳት።

አያ ደሴ እያፏጨ መጣ። ወደ ቆላው፣ ወደ ሳንጃ ሊወርድ ነው። አብራው አንዲት ወጣት መምህርት ነበረች፤ ትርንጎ ትባላለች። አዲስ ተመድባ ወደ ሳንጃ የምትሄድ፣ ዕድሜዋ ከእኔ ዕድሜ የማይበልጥ። ፍራሿንና አንድ ሳጥን ከኋላ ካሶኒው ላይ ከመጫኗ በስተቀር ማኪናዋ ባዶ ነበረች። እጇን ልትታጠብ ውሃ ለመነችኝና ስቀዳላት ስሜን ጠየቀችኝ። ወደ መሬት እያየሁ ነገርኋት።

አያ ደሴ ማኪናዋን በግቢው ውስጥ በቀስታ ነዳና ረገጠው። በአንዴ ቆመች። እየሳቀ ወረደ።

«አሮጊቷ እንደ ግንብ ቆመች እኮ! አያ ታከለ ሳይኖሩ ማን ጨረሰው? አንጓች ናት?»

ሥራ አስኪያጁም ከቢሮው ወጥቶ እንደገና እንዲያሳየው አደረገ። ሸጋ ሥራ ነው አለ። እኔን እያየ ነው ያለው። ሁለት ዓመት ስሠራ ዓይኑን አሳርፎብኝ አያውቅም ነበር። ወረቀቱ ላይ ፈረመ። እኔ መሬቱን አየሁ። ጠጠሩ ላይ የኋላ ጎማዎቹ ተጎትተው ሁለት ጭረት ሠርተዋል። የፊቶቹ ያለፉበት ግን ንጹሕ ነው። አየሁት። ልቤ ትንሽ ቆነጠጠኝ። ሁሉም ሰው እየሳቀ ነበርና እኔም ፈገግ አልኩ።

ማኪናዋ ሦስት ሰዓት ላይ ወጣች።

ወደ ናፍታ ገንዳዬ ተመልሼ ብረት ማጠብ ጀመርኩ። እጄ ይሠራል፣ ዓይኔ ግን ከዚያ ጭረት ላይ አልነሣ አለ። ካርቶኑን ከኪሴ አወጣሁት። እንደ አባቴ ተማሪ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ከላይ ጀምሮ አነበብኩት። «የጎማው ዳዶዎች ይታሰሩ» የሚለው ላይ ቆምኩ። አያ ታከለ ብሎን ሁልጊዜ «ይታሰር» ነው የሚሉት። «ይጥበቅ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ታዲያ የኋላዋን ብሎን ፈልገው ቢሆን «የኋላው ይታሰር» ብለው አይጽፉም ነበር?

የመጨረሻዋን ቃል እንደገና አነበብኳት። አሁን ብ-ን አጠበቅኋት።

ፊቱ የሚይዝ፣ የኋላው የሚጠብቅ ይሁን። የፊቱ ፍሬን ቀድሞ ይያዝ፣ የኋላው ይቆየው። የሚጠብቅ፤ ሰው ሰውን እንደሚጠብቅ።

ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ረቡዕ ዕለት ጭራዋን የወረወረችው ለምን እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። የኋላው ቀድሞ ይዞ ነው። ብሎኗን ሲያላሉ የዋሉትም የኋላው እንዲዘገይ ነው። እኔ ደግሞ ፊደሏን አላልቼ ብሎኗን አጠበቅሁ። በግቢው ውስጥ በቀስታ ሲነዳ አይታወቅም። ከትክል ድንጋይ ከተማ ወዲያ ባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ባዶ ካሶኒ ይዞ፣ አንድ ነገር መንገድ ላይ ቢገባበትና አያ ደሴ በኃይል ቢረግጠው ግን ማኪናዋ ዞራ ገደል ትገባለች።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄድኩ። በሩ ላይ ብዙ ቆምኩ። ስገባ የተናገርኩት ግማሹ ብቻ የተሰማ ይመስለኛል። ፍሬኑ እንዳልተስተካከለ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። ተነሥቶ በሩን ዘጋው። አሁን የፈረመበት ማኪና ነው፤ በሦስት ሰው ፊት ተሞክሮ ቆሟል። ጥፋት አለባት ብሎ ማኪናዋን ቢያስመልሳት የሚመጣው መርማሪ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

«ይሄ አሻጥር ነው የሚባለው፤ ገባሽ? አንቺም እኔም አንወጣም። አያ ታከለም አይቀሩም። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»

አሻጥር በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። በዚህ ቃል የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።

ወጣሁ። ሥራዬን ልሠራ ነበር የወጣሁት፤ አልዋሻችሁም። ገንዳው ጋ ደርሼ አንድ ብረት አነሣሁ። ያቺ መምህርት እጇን ስትታጠብ የቀዳሁበት ጣሳ እዚያው መሬት ላይ ነበር። ብረቱን መልሼ አስቀመጥኩና ካቻቢቴዬን በነጠላዬ ጠቅልዬ በጓሮ በር ወጣሁ።

ወደ ቆላው የሚወርዱ ማኪኖች ያኔ ለየብቻ አይሄዱም ነበር። በከተማው መውጫ ኬላ ላይ ተሰብስበው፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን በወታደር ማኪና ታጅበው ይወርዳሉ። እኔ ከጋራዡ ስወጣ አምስት ሰዓት አልፏል። በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ ነው። ሮጥኩ። ትልቅ ሴት አስፋልት ላይ ስትሮጥ ሰው ያያል፤ ሰው ሲያየኝ ደግሞ እግሬ ይተሳሰራል። አንዲት አሮጊት ሰው ሞቶብኝ መስሏቸው «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ማን ነው?» አሉኝ። ሩጫዬን ቀጠልኩ።

ሩጫው ደረቴን ሲወጋኝ አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ጀመረ። የማኪኖቹ ሰልፍ ታየኝ። ሞተር እያስነሡ ነበር። ፒክአፗ ከፊት ሦስተኛ ናት። አያ ደሴ መሪው ላይ፣ መምህርቷ አጠገቡ። ወደ እነሱ ስሮጥ አንድ አሥር አለቃ ክንዴን ያዘኝ። የይለፍ ወረቀት ጠየቀኝ። የለኝም። መታወቂያዬን ሰጠሁት። ነጠላዬን ሲፈታ ካቻቢቴው ወደቀ።

«በዚህ ምን ልታደርጊ ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። የፊተኛው ማኪና ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛው ተከተለ።

«ፒክአፗን አቁሟት!» አልኩ። የራሴ ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው። «ፍሬኗ ልክ አይደለም!»

አሥር አለቃው እጁን አነሣና ፒክአፗን አስቆማት። አያ ደሴ በመስኮት ብቅ አለ።

«አንጓች ድምፅ አላት እንዴ?» አለና ሳቀ። «አንቺ፣ በጠዋት በዓይንሽ ፊት አይደል እንደ ግንብ የቆመችው? ፀሐዩ ነካሽ?»

«በቀስታ ስለነዳሃት ነው። የኋላው ቀድሞ ይይዛል። ቁልቁለቱ ላይ ትገለበጣለች፣ አያ ደሴ።»

አሥር አለቃው ማን ላከሽ አለኝ። ማንም አልላከኝም አልኩ። እንዴት አወቅሽ አለ። ሥራ አስኪያጁ ያለኝ ቃል በጆሮዬ ነበር።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልኩ። «የተጻፈልኝን ቃል አሳስቼ አነበብኩና ላልቶ መቆየት የነበረበትን ብሎን አጠበቅሁት።»

ምን ቃል ነው አለኝ። ካርቶኑን ሰጠሁት። አነበበው። ጮክ ብሎ ሲያነበው እሱም ብ-ን አላላት። «የኋላውን አጥብቂ ነው እኮ የሚለው!» አለ። አጥብቀህ አንብበው አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። እንደገና አነበበው። ከንፈሩ ላይ ሲለወጥ አየሁት። ፊደል እያወቅሽ አሳስቼ አነበብኩ የምትይው ከተጠያቂነት ልታመልጪ ነው ወይስ እውነትሽን ነው አለኝ።

ከዚያ ወዲያ የወሰነው እሱ ነው። መምህርቷን አስወረዳት። አያ ደሴ ማኪናዋን ወደ ኋላ ወስዶ በጠጠሩ ቁልቁለት ላይ በፍጥነት እንዲነዳና እንዲረግጥ አዘዘው። ለእኔ የጋቢናውን በር ከፈተልኝ።

«አንቺም ግቢ። ውሸት ከሆነ አብረሽ ታይዋለሽ።»

ገባሁ። አያ ደሴ ማርሽ እየቀያየረ ነዳ። አሁን አይስቅም። ከፊታችን አንድ የድንጋይ ክምር ነበር፤ ከሱ ሲደርስ እረግጣለሁ አለኝ። የበሩን እጀታ በሁለት እጄ ያዝኩ። ረገጠው። የኋላ ጎማዎቹ ሲጮሁ ሰማሁ፤ ከዚያ ሰማዩ በመስኮቱ በጎን ሮጠ። አሮጊቷ ጭራዋን ወርውራ ዞረችና አቧራ ውስጥ ቆመች። አቧራው ሲገለጥ ፊታችን የመጣንበት አቅጣጫ ነው፤ አሥር አለቃውና መምህርቷ ከሩቅ ቆመው ያዩናል። አያ ደሴ መሪውን እንደጨበጠ ነው። «ተመስገን» አለ። ለእኔ አልነበረም የሚናገረው።

ከሥሯ ገባሁ። አንድ ዙር ተኩል አጥብቄ ነበርና አንድ ዙር ተኩል አላላሁ። ካቻቢቴው ሦስት ጊዜ ከብሎኗ ራስ ላይ ተንሸራተተ። ግማሹን ስጨርስ አንድ ጥርጣሬ ገባኝ። በጠዋት ያጠበቅሁት እውነት አንድ ተኩል ነበር? ወይስ ሁለት? አንድ ተኩል ነው ብዬ ጨረስኩ። እንደገና ሞከርን። ቀጥ ብላ ቆመች። ወርጄ ጠጠሩን አየሁ፤ ጭረቱ የፊቶቹ ነው፣ የኋላዎቹ ለጥቂት ብቻ ነክተው ትተዋል።

የወታደሩ ማኪና እየጠበቃቸው ነበር። አሥር አለቃው መታወቂያዬን ኪሱ ከተተው። ማኪናዋ በሰላም ከተመለሰች መጥተሽ ትወስጃለሽ፣ ካልተመለሰች ግን ራሴ እመጣብሻለሁ አለኝ። መምህርቷ ፍራሿ ላይ የሰፈረውን አቧራ እያራገፈች ነበር። ወደ እኔ መጣች። ዓይኔን ወደ መሬት ላደርግ ስል አገጬን በእጇ ቀና አደረገችው።

«አንቺ ብትሆኚ አሁን ትሳፈሪባታለሽ?»

ቀላል ጥያቄ አልነበረም። አይ ብላት ትቀራለች፤ ምድቧን ጥላ የቀረች መምህርት ምን እንደሚደረግባት ሁለታችንም እናውቃለን። አዎ ብላትና ተሳስቼ ቢሆንስ?

«እሳፈራለሁ» አልኳት።

ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የመጡት አራት ቀናት ከሩጫው ይከብዱ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አያናግረኝም፣ ግን ሳልፍ በዓይኑ ይከተለኛል። መታወቂያ የሌለው ሰው ያኔ ከመሸ አይወጣም፤ ከነጋም ቢሆን የዘብ መለዮ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ለአባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። በተኛሁበት ጣቶቼን እያዞርኩ እቆጥራለሁ። አንድ ዙር። ግማሽ። አንድ ዙር። ግማሽ። አንዳንዴ ሁለት ይሆንብኛል።

አያ ታከለ ሰኞ ከለቅሶ ተመለሱ። ጭንቅላታቸውን ተላጭተዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳላቋርጥ፣ ቆሜ። ስጨርስ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ካርቶኑን ተቀብለው አነበቡት። ማኪና ሲቆም ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት እንደሚሄድ፣ ኋላው እንደሚቀል፣ የቀለለ ጎማ ቀድሞ ከተያዘ እንደሚንሸራተት በዝግታ አስረዱኝ። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ይህን ያህል ሲናገሩ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

«ምነው ሳትጠይቂኝ ኖርሽ?» አሉኝ።

«ምነው ሳይነግሩኝ ኖሩ?» አልኳቸው። ለእሳቸው እንዲህ ብዬ መመለሴን ሳስብ እስካሁን ፊቴ ይሞቃል። እሳቸው ግን አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ይሄም እውነት ነው አሉ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የፒክአፗን ጥሩምባ ከበር ሰማሁ። እጄ ናፍታ ውስጥ ነበር፤ ማውጣት አቃተኝ። አያ ደሴ ወረደና ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ቀልድ የሚጀምር መስሎኝ ጠበቅሁ። አልቀለደም።

«ከትክል ድንጋይ ወዲያ ኩርባው ላይ በሬ ገባብኝ» አለ። «የቻልኩትን ያህል ረገጥኩት። ቀጥ ብላ ቆመች። በሬው አይቶን እንኳ አልሮጠም።»

መምህርቷ ሳንጃ ገብታለች፤ ፍራሿን እስከ ቤቷ አድርሶላታል። ይህን ሲለኝ እንባዬ መጣ። እጄ ናፍታ ስለነበር መጥረግ አልቻልኩም፤ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

መታወቂያዬን በማግሥቱ ወሰድኩ። ምርመራም መጣ፤ አያ ታከለና አያ ደሴ ቆመው መሰከሩልኝና በማስጠንቀቂያ አለፈ። ከዚያ ወዲያ አያ ታከለ ከአጠገባቸው አስቀምጠው ሥራውን አስተማሩኝ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የፍሬን ሥራ ሲመጣ «አንጓች ትየው» ይባላል። አሁንም ዓይን አፋር ነኝ፤ ያ አልለቀቀኝም። ያልገባኝን ቃል ግን ለጻፈው ሰው ጮክ ብዬ ሳላነብለት እጄን ብረት ላይ አላሳርፍም። አንዳንዶች ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች ስለ ሩጫዬ ያመሰግኑኛል፤ ኬላው ላይ ስለ መጮሄ ያወራሉ። እኔ ግን የማልረሳው ሌላ ደቂቃ ነው። በግቢው ጠጠር ላይ ሁለቱን ጭረቶች አይቼ፣ ልቤ ቆንጥጦኝ፣ ሸጋ ሥራ ነው ስለተባልኩ ብቻ ፈገግ ያልኩባት ደቂቃ። ያኔ ማኪናዋ ከእኔ ሁለት እርምጃ ላይ ነበረች፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ስለዚያች ደቂቃ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ለዚህ ነው ሳትጠይቁኝ የነገርኋችሁ።